ፊልም ላይ ያየነው አሜሪካ እና የምንኖርበት አሜሪካ፤ ለሚመጣው ወንድሜ ምን ብዬ ልንገረው?

የሽሮሜዳ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ታናሽ ወንድሜ ፕሮሰሱን ጨርሶ ጥር ላይ እኔ ጋ ሊመጣ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስንት አመት የጠበቅነው ነገር ነው። ትናንት ስናወራ "ስለ መኝታ አታስብ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ እተኛለሁ" አለኝ። ሳሎን የለኝም እኮ። የሰው ቤዝመንት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ኪችንና ሻወር ከሁለት ልጆች ጋር እንጋራለን፣ አንዱ ኡበር ይነዳል አንዱ ፓርኪንግ ይሰራል፣ ሶስታችንም አንድ ላይ ቤት የምንገኘው ምናልባት በሳምንት አንዴ ነው። ይሄን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዛ ቀስ ብሎ "ግን እኮ ስምንት አመት ሆነህ" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስራ ላይ ሆኜ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

አልፈርድበትም። እኔም ያደግኩት ጎረቤት ቤት ኤምቢሲ 2 እያየሁ ነው፣ ከስር አረብኛው ጽሁፍ ይሄዳል እኛ ደግሞ እንግሊዝኛውን እየገመትን እናያለን። ያኔ ያየሁት አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ሰው ደረጃ ያለው ቤት፣ ፊት ለፊቱ ሳር፣ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ እንቁላል ፓንኬክ ጁስ ተደርድሮ ልጁ አንድ ጊዜ ጎርሶ "ረፍዶብኛል" ብሎ ይወጣል። ያ ሁሉ ምግብ የት ይሄዳል እያልኩ እናደድ ነበር። ሆም አሎንን አስታውሱት፣ ያ ቤት ያለው ከቺካጎ ወጣ ብሎ ዊኔትካ በሚባል የሀብታም ሰፈር ነው፣ እኛ ግን የማንኛውም አሜሪካዊ ቤት መስሎን ነው ያደግነው። ፍሬንድስ የሚባለው የቲቪ ኮሜዲም እንደዛው፣ አንዷ ምግብ አብሳይ አንዷ የካፌ አስተናጋጅ ሆነው ማንሃተን ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ያን የሚያክል ቤት ይኖራሉ። እርግጥ ቤቱ የአያቷ ነበር ኪራዩም በድሮው ዋጋ ነው ብለው አንዳንዴ ይናገራሉ፣ ግን ያንን ማን ልብ ብሎ ይሰማል። ኒውዮርክ ውስጥ እኮ ብዙ አከራይ የአመት ገቢህ የወሩን ኪራይ 40 እጥፍ ካልሆነ ማመልከቻህን አይቀበልም። 2,500 ዶላር ለሆነ ቤት በአመት 100,000 ማግኘት አለብህ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ፊልም ላይ ሰው ሲሰራ አይታይም። ቢሮ ቢገቡም ቡና ይዘው ያወራሉ፣ ማክሰኞ ከቀኑ መሀል ካፌ ቁጭ ብለው ይስቃሉ። አስራ ሁለት ሰአት ቆሞ ሰርቶ እግሩ አብጦ ባስ የሚጠብቅ ሰው የለም። ለወንድሜ ቤቱን በፎቶ ላሳየው እችላለሁ፣ ሰአቱን ግን እንዴት ነው የማሳየው? ስትመጡ ፊልሙና ኑሮው የት ላይ ነው የተለያዩባችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አንብቤ ነው የምነግረው።

ዳላስ ነኝ

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ በመጀመሪያ። እኔ ዳይነር ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ፣ ፊልም ላይ ሰው በልቶ ሲጨርስ ሳይቆጥር ብር ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ሲወጣ ታያለህ አይደል፣ እዚህ በሰራሁበት ስድስት አመት እንደዛ ያደረገ ሰው አላየሁም። ሰው ቢሉን ይቆጥራል፣ ታክሱን ያያል፣ ቲፑን በስልኩ ያሰላል፣ እውነቱን ነው የራሱ ገንዘብ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው በዛ ቲፕ ነው፣ ምክንያቱም ቲፕ ለሚቀበል ሰራተኛ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰአት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፣ ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ለሌላው ሰራተኛ ደግሞ 7 ዶላር ከ25 ነው ከ2009 ጀምሮ። አንዳንድ ስቴት ከዚህ በላይ ይከፍላል ቴክሳስ ግን በዚሁ ነው የምትሄደው። ቲፑ ተደምሮ 7 ከ25 ካልሞላ ቀጣሪው መሙላት አለበት ይላል ህጉ፣ መጠየቁ ግን የራስሽ ጉዳይ ነው።

እና ለወንድምህ ይሄን ንገረው፣ እቃ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የምትከፍለው ዋጋ አይደለም፣ ታክሱ ካሸሩ ጋ ነው የሚጨመረው።

የሽሮሜዳ ልጅ

እህቴ ይሄ በትክክል የደረሰብኝ ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን 10 ዶላር ይዤ ጓንት ልገዛ ገባሁ፣ 9.99 ይላል። ካሸሯ 10.59 አለችኝ። ተሳስተሻል ብዬ ወረቀቱን አሳየኋት፣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ በመጨረሻ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ከኋላ ሆና የጎደለውን ሳንቲም ከፈለችልኝ። ፊልም ላይ የማይታይ ደግ ሰውም አለ ማለት ነው።

ሲስተር ሚኒሶታ

እኔ ነርስ ነኝ፣ ስለ ሆስፒታሉ እኔ ልንገርህ። ፊልም ላይ ልቡ የቆመ ሰው ደረቱን ሶስቴ አራቴ ጫን ጫን ያደርጉትና አየር ስቦ ይነሳል፣ ከዛ ሚስቱን አቅፎ ያለቅሳል። በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ነበር፣ የቲቪ ድራማዎችን ቆጥረው ሲያዩ ሲፒአር (ያ ደረት የመጫን እርዳታ) ከተደረገላቸው መሀል 75 ፐርሰንቱ እዛው ይነቃሉ። በእውነተኛው አለም ከሆስፒታል ውጪ ልቡ ከቆመ ሰው መሀል ድኖ ቤቱ የሚገባው ከአስር አንድ ገደማ ነው። ደረት ሲጫን የጎድን አጥንት ሲሰበር እጅሽ ላይ ይሰማሻል፣ ድምጹም አለ፣ ማንም ፊልም ያንን አያሳይም።

ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የኛ ሰዎች አባታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ 90 ያለፋቸው ካንሰሩ የተሰራጨባቸው አዛውንት፣ ዶክተሩ ልባቸው ቢቆም ምን እናድርግ ብሎ ሲጠይቅ ልጆቹ "ሁሉም ይደረግ፣ ይነሳል እኮ" ይላሉ። ከየት አመጡት? ከቲቪ ነው። አንድ ቀን አንዷን ልጅ ኮሪደር ላይ ይዤ በአማርኛ ቁጭ ብዬ ነገርኳት፣ እጄን ይዛ "ይሄን ለምን እስከዛሬ ማንም አልነገረንም" አለችኝ። አባቷ ከሁለት ቀን በኋላ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ሆነው መዝሙር እየዘመሩ አረፉ።

ሌላው ፊልም ላይ ዶክተሩ ነው ሁሉን የሚያደርገው፣ ደም ይቀዳል፣ አልጋ ይገፋል፣ መድሃኒት ይሰጣል፣ ሌሊቱን አጠገብህ ቁጭ ይላል። እውነቱ ግን አጠገብህ የሚያድሩት ነርሷና ነርስ ረዳቷ ናቸው፣ እና እዚህ ሚኒሶታ ከነርስ ረዳቶቹ ስንቱ ሀበሻና ሶማሌ እንደሆነ አይታችሁታል። ስንት የሆስፒታል ድራማ ወጣ፣ እኛ ግን የት አለን?

የሆስፒታሉ ሂሳብ ደግሞ ፊልም ላይ የለም። ኢመርጀንሲ ማንንም አይመልሱም፣ ከ1986 ጀምሮ ህግ ነው፣ መክፈል ባትችልም አይተው ማረጋጋት አለባቸው። ግን ከወር በኋላ ፖስታው ይመጣል፣ አምቡላንሱ ለብቻው ዶክተሩ ለብቻው ላብራቶሪው ለብቻው። ወንድምህ እንደመጣ ከማንም በፊት ኢንሹራንሱን ጨርስለት አደራ።

ከአትላንታ

እኔ ይሄን ነገር ከውስጥ ስላየሁት ልጻፍ። ጆርጂያ ፊልም ሰሪዎችን ከ2008 ጀምሮ ካወጡት ላይ እስከ 30 ፐርሰንት በታክስ ክሬዲት ስለምትመልስላቸው አትላንታ ሙሉ ቀረጻ ነው፣ እኔም ሁለት አመት የቀረጻ ሰራተኞቹን ቫን ነድቻለሁ አንዳንዴም ኤክስትራ ሆኜ ከኋላ አልፌያለሁ። አንድ ሌሊት ዳውንታውን መንገድ ዘግተው ታክሲዎቹን ቢጫ አድርገው የኒውዮርክ ታርጋ ለጥፈው፣ ቦቴ መጥቶ ደረቁን አስፋልት ውሃ አጠጣው። ዝናብ እኮ አልዘነበም አልኩት አንዱን የመብራት ሰራተኛ፣ ማታ መብራቱ እንዲያብረቀርቅ ነው አለኝ። በቃ ያ ልጅ ሆነን "የአሜሪካ መንገድ እኮ መስታወት ነው" የምንለው ቦቴ ነው የሰራው።

የፍሬንድስ ቤት ትልቅ የሆነው ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ስላልሆነ ነው፣ ካሊፎርኒያ በርባንክ ስቱዲዮ ውስጥ የቆመ ነው። እንደዚህ አይነት ኮሜዲ ሲሰሩ ቤቱ ሶስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፣ በአራተኛው በኩል ሶስት አራት ካሜራ ወዲህ ወዲያ ይሄዳል ከካሜራው ኋላ የሚስቀው ተመልካች ተደርድሮ ተቀምጧል። ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ የማታዩት ለዛ ነው፣ ሁሉም ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ የሚበላው ለዛ ነው። ጠባብ ቤት ቢሰሩ ካሜራው አይገባም። ስለዚህ ድሃም ይሁን ሀብታም ቤቱ እንደ አዳራሽ ይሆናል ማለት ነው፣ ሰዎቹ ሊዋሹህ አስበው አይደለም ስራቸው ነው።

የሃይስኩል ተማሪዎቹም የ25 አመት ሰው የሚመስሉት ስለሆኑ ነው። ከ18 በታች የሆነ ልጅ በቀን የሚሰራበት ሰአት በህግ የተገደበ ነው፣ አስተማሪም ሊያቆሙለት ይገባል፣ ስለዚህ ትልቅ ሰው ቀጥረው ቦርሳ ያሸክሙታል። ይሄን ለአስራ አምስት አመቷ ልጄ ስነግራት "ለዛ ነው እኔ እነሱን የማልመስለው" ብላ እፎይ አለች። እንዴት እንደከበዳት ያኔ ነው የገባኝ።

አስተርጓሚው

የፍርድ ቤት አማርኛ አስተርጓሚ ነኝ፣ ዲሲ እና አካባቢው። የኛ ልጆች ተከሰው ሲመጡ በጣም የሚጎዳቸው ከፊልም ይዘውት የመጡት እውቀት ነው። አንዱ ልጅ ጠበቃውን "ፖሊሱ ሲይዘኝ ዝም የማለት መብት አለህ አላለኝም፣ ስለዚህ ክሱ ይወድቃል" ብሎ አጥብቆ ያዘው፣ እኔ መሀል ሆኜ ሶስት ጊዜ ነው የተረጎምኩት። ያ ህግ የመጣው በ1966 ሚራንዳ በሚባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፣ ፖሊስ የሚገደደው ይዞህ ሊጠይቅህ ሲል ነው። ካልጠየቀህ ሳይነግርህም ሊያስርህ ይችላል፣ ሳይነግርህ ቢጠይቅህም የሚወድቀው ያልከው ቃል ነው እንጂ ክሱ በሙሉ አይደለም።

ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው ያንን ትልቁን ችሎት ነው፣ ጠበቃው ተነስቶ ጁሪው ፊት እየተንጎራደደ ንግግር የሚያደርግበትን። ፌዴራል ፍርድ ቤት ከመቶ ተከሳሽ ክርክር ድረስ የሚደርሰው ሁለት ገደማ ነው፣ 90 የሚሆነው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በድርድር ይጨርሳል። ድርድሩ የሚደረገው ኮሪደር ላይ ነው፣ ጠበቃው እጁ ላይ ብዙ ፋይል ይዞ፣ አንዳንዴ አስር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ። አስተርጉም ተብዬ ስጠራ "ይሄ አሁን የህይወቱ ውሳኔ ነው" ብዬ ቀስ ብዬ ቃል በቃል ነው የምናገረው። ለወንድምህ አንድ ነገር ብቻ ንገረው፣ የማያውቀው ወረቀት ላይ እንዳይፈርም፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፣ ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ በህግ የመንግስት መስሪያ ቤቶች በቋንቋህ ሊያስተናግዱህ ይገባል፣ አማርኛም አለበት።

አራዳ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ ግን እኔ እዚህ ሆኜ ሳነብ ትንሽ ከፋኝ። ፊልም ፊልም እያላችሁ ነው፣ እኛ ፊልም ልብወለድ መሆኑን እናውቃለን እኮ። የሱፐርማን ፊልም አይቶ ሰው ይበራል ያለ አለ? ያሳሳተን የእናንተ ፎቶ ነው። አጎቴ 15 አመት አሜሪካ ሲኖር አንድም ቀን ስለ ድካሙ ጽፎ አያውቅም፣ የሚልከው መኪና ተደግፎ የተነሳውን ነው። ሲመጣም ሻንጣው ሙሉ ነው፣ ሆቴል ይጋብዘናል። ከዛ ሲመለስ ስልክ አያነሳም፣ እኛ ኮርቶብን ነው እንላለን። ስራ ላይ መሆኑን ቢነግረን ምን ነበረበት? የሽሮሜዳ ልጅ አንተስ ለወንድምህ እስከዛሬ ምን ነግረኸው ነው ሶፋ ላይ እተኛለሁ ያለህ?

የሽሮሜዳ ልጅ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ ይገባኛል። አልዋሸሁትም ግን አልነገርኩትም። በመጀመሪያው አመት በረዶ ላይ ቆሜ የተነሳሁት ፎቶ አለ፣ ከኋላዬ ያለው ቤት ስራ ሄጄ ግቢውን በረዶ የጠረግኩት የሰው ቤት ነው። እናቴ ፎቶውን አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ቤቱ የኔ ነው አላልኩም፣ እሷም አልጠየቀችም። እሷ ደስ ብሏት ሳያት እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ግን ፊልሙ ባይኖር ያ ፎቶ ብቻውን ያን ያህል አይናገርም ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ፎቶው የገባው ፊልሙ በሰራለት ክፍት ቦታ ነው።

ቦልቲሞር ታክሲ

እውነት የሚያሳይ ፊልም ጠፍቶ አይደለም። ዘ ዋየር የሚባለው ተከታታይ ድራማ ከ2002 እስከ 2008 የወጣው እኔ የምነዳበትን ቦልቲሞርን ነው ያሳየው፣ የጻፈው ዴቪድ ሳይመን ራሱ ቦልቲሞር ሰን ጋዜጣ ላይ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ነበር፣ መንገዱን የወደቡን ሰራተኛ ትምህርት ቤቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ሱፐርስቶር የሚባለውም አለ፣ ሴንት ሉዊስ ያለ ትልቅ ሱቅ ውስጥ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው፣ እዛ ላይ ሰው ሲሰራ ታየዋለህ እረፍት ሲከለከል ታየዋለህ።

ነገር ግን እውነቱም ሲበዛ አንድ ወገን ይሆናል። ቦልቲሞር ነው የምኖረው ስል የሚያውቁኝ ሁሉ "አይ ልጄን" ይሉኛል። እኔ ሰፈር ጠዋት በረንዳ ላይ ሬድዮ ከፍተው የሚቀመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌዎች አሉ፣ ፋሲካችንን ከነሱ ፋሲካ ለይተው ያውቁታል፣ ሚስቴ ስትወልድ ለሁለት ሳምንት ምግብ ያመጣልን ቤት አለ። ሚስቴ የወለደችው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ነው እንዳትረሱ፣ የፌዴራሉ ህግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው እሱም ሁሉንም ሰራተኛ አያካትትም። እና የነዛ ሰዎች ምግብ ለኛ ትልቅ ነገር ነበር።

በካርቱም የመጣሁ

ልጆች ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እኔ አሜሪካን መጀመሪያ ያየኋት ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው፣ ከዛ በሱዳን አድርጌ በ1983 ዋሽንግተን ገባሁ፣ እስከ ጡረታዬ ፓርኪንግ ነው የሰራሁት። ስለ ቤቱም ስለ ስራውም ብላችኋል አልደግምም። እኔ የገረመኝ ስለ ጎረቤቱ ነው። በኮሜዲዎቹ ላይ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል፣ ፍሪጅ ይከፍታል፣ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ምን ሆነሻል ይላል። ልጆቼ ይሄን እያዩ ሲስቁ እኔ ደግሞ ይሄ እኮ የተክለሃይማኖት ሰፈራችን ነው እል ነበር። ሳያንኳኳ የሚገባ ጎረቤት ያለው እኛ አገር ነው። እዚህ ሜሪላንድ በኖርኩበት ቤት አጥሩን የሚዋሰነኝን ሰውዬ ስሙን ያወቅኩት በአራተኛ አመቴ ነው፣ እሱም ደብዳቤው ተሳስቶ እኔ ጋ ስለመጣ።

እናቴን በ1996 አመጣኋት፣ ነፍሷን ይማር። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ለስራ ስንወጣ መስኮቱ ጋ ወንበር አድርጌላት እሄዳለሁ። አንድ ሳምንት እንደሆናት "ልጄ ይሄ ሁሉ ቤት ሰው የለበትም እንዴ? ከጠዋት ጀምሬ አንድ በእግሩ የሚሄድ አላየሁም" አለችኝ። ሁሉም ከጋራዥ በመኪና ይወጣል በመኪና ይገባል፣ ምን ብዬ ላስረዳት። ከዛ ከሰአት በኋላ ቢጫው የተማሪ ባስ እንደሚመጣ አወቀች። በየቀኑ ነጠላዋን አስተካክላ ትጠብቀዋለች፣ ልጆቹ ሲወርዱ በመስኮት ትመርቃቸዋለች። ሹፌሯ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፣ አይታት ኖሮ እጇን ማውለብለብ ጀመረች፣ በኋላ ጡሩምባውን ሁለቴ ታደርግላታለች። እናቴ ስምንት ወር ቆይታ ስትመለስ ለቅሶ እስኪመስል ያዘነችው ለዛች ሴት ነው። ፊልም ላይ ያን ባስ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ የሚጠብቀውን ሰው ግን አሳይተውን አያውቁም።

ሶልያና ሲያትል

ጋሼ ይሄን አንብቤ አለቀስኩ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር።

እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት፣ ቢጫው ባስና ሎከሩ እውነት ነው፣ ቀዩ የፓርቲ ኩባያም እውነት ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው። የሶስተኛ ክፍል መምህሬ እርሳስና ደብተር ከኪሷ ትገዛልን ነበር፣ መንግስት ራሱ ስለሚያውቅ መምህራን ለክፍል እቃ ካወጡት የተወሰነውን ታክስ ከሚከፈልበት ገቢያችሁ ላይ ቀንሱ ይላል። ላይብረሪውስ? እናቴ ሁለት ስራ ስትሰራ እኔና ወንድሜ ከትምህርት በኋላ እዛ ነው የምንቆየው፣ ይሞቃል፣ ኮምፒውተር አለ፣ ማንም ምን ልትገዙ ነው አይልም። ነጻ ነው። ፊልም ላይ ላይብረሪ ሰው የሚሳሳምበት ቦታ ነው። የሽሮሜዳ ልጅ ለወንድምህ በመጀመሪያው ሳምንት የላይብረሪ ካርድ አውጣለት እሺ? እንግሊዝኛ የሚያስተምሩበትም አለ፣ በነጻ።

አራዳ (አዲስ አበባ)

የእናትዎን ታሪክ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አጎቴ ጋ ደውልልኝ አለችኝ፣ ድምጹን ብቻ ልስማ እንጂ ምንም አልጠይቀውም ብላ። እዛ አሁን ሌሊት ነው አይደል? ፈረቃ ላይ ይሆናል፣ ስንት ሰአት ላይ ብንደውል ይሻላል?

ሲስተር ሚኒሶታ

ሌሊት የሚሰራ ከሆነ ከቀኑ አታንቁት፣ ተኝቶ ነው። ማታ ወደ ስራ ከመሄዱ በፊት ሞክሩ፣ እናንተ ጋ ሌሊት ይሆናል ግን ያነሳል።

የሽሮሜዳ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከስራ ስወጣ በቪዲዮ ደወልኩለትና ስልኩን ባሱ መስኮት ላይ አድርጌ ቤት እስክደርስ አልዘጋሁትም፣ ሃምሳ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ብዙ ያወራ ነበር በኋላ ዝም ብሎ ያይ ጀመር። ቤዝመንቱን፣ አልጋዬን፣ በተራ የምንጠቀምበትን ምድጃ አሳየሁት። "ሁለታችን እንበቃለን አልጋውን ግድግዳው ጋ ካስጠጋኸው" አለኝ። ከዛ የጠየቀኝ "ጃኬት ከዚህ ልግዛ ወይስ እዛ?" ነው፣ ምን ልበለው?

ሲስተር ሚኒሶታ

ከዛ አይግዛ፣ የመርካቶው ለጥር ብርድ አይሆንም። ቁጥሩን ላክልኝ፣ የባለቤቴ ሁለት አለ አንዱን በፖስታ እልክልሃለሁ። ካልሲና ጓንት ግን አንተ ግዛለት፣ ኤርፖርት ይዘህለት ሂድ።